ከኋላ የሚቆመው ሰው



በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ርእስ የተከላካይ ተጫዋች ሙያ ነው። «ተከላካይ ደግሞ ምን የሚጠና ነገር አለው? ኳስ ሲመጣበት መጠለዝ አይደለም እንዴ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ለዚህ ጥናት ያነሣሣንም ይኸው አስተያየት ነው። በቤቴልም ሆነ በሌላ ሰፈር ልጆች ኳስ ለመጫወት ሁለት ቦታ ሲከፈሉ ብንመለከት፣ ሁሉም ፊት ለመሰለፍ ይሽቀዳደማል። የኋላው ቦታ ግን ለትንሹ፣ ለአዲስ መጪው፣ ወይም «ኳስ አይችልም» ለተባለው ይቀራል። አሠልጣኙ «አንተ ከኋላ ቁም» ያለው ልጅ እንደ ተቀጣ ቆጥሮ ፊቱ ይጠቁራል፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ ልምምድ ያቆማል።

እንዲህ ያለው ልጅ የተሰጠው ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ የተወው ነው። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል እናነሣለን። የተከላካይ ሥራ ምንድን ነው? ሥራውስ በምን ይለካል? ይህን ሥራ እንጀራው አድርጎ የያዘ ሰው እስከ መቼ ይዘልቃል፣ ሲያበቃስ ምን ይተርፈዋል?

1. ደጁን የሚጠብቅ

በአገራችን የቀድሞ የጦር ሥርዓት ፊት ፊት የሚሄደውን ጦር የሚመራው ፊታውራሪ ይባል ነበር። የቀኙን ክንፍ ቀኛዝማች፣ የግራውን ግራዝማች ይመሩታል። ደጃዝማች የሚለው ማዕረግ ግን «ደጅ» እና «አዝማች» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተገኘ ነው። በማዕረግ ተራ ብንደረድራቸው ደጃዝማች ከፊታውራሪ በላይ ይቀመጣል። ከጦሩ ኋላ የሚቆመውንም ኃይል ደጀን እንለዋለን፤ ቃሉን እስከ ዛሬ ድረስ መመኪያና መጠጊያ በሚል ፍች እንጠቀምበታለን። አባቶቻችን ቀድሞ የሚዋጋውን አልናቁም፤ ይሁን እንጂ ደጁ ከተደፈረ የፊቱ ድል ከንቱ መሆኑን ያውቁ ነበር።

በኳስ ሜዳም ደጁ ግቡ ነው። አንድ አጥቂ ዘጠኝ ጊዜ ስቶ ዐሥረኛውን ቢያገባ ተመልካቹ ስሙን እየጠራ ይጨፍርለታል። አንድ ተከላካይ ዘጠኝ ጊዜ አድኖ ዐሥረኛው ቢያመልጠው ግን የሚነሣው ያቺ ዐሥረኛዋ ብቻ ናት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአጥቂ ሥራ በሆነው ነገር ይቆጠራል፤ የተከላካይ ሥራ ግን ባልሆነው ነገር ነው። ያልተቆጠረ ግብ በሰሌዳ ላይ አይጻፍም። ስለሆነም የተከላካይን ሥራ ለማየት የሚፈልግ ሰው ዐይኑን ማሠልጠን አለበት።

2. ከካናዳ የተገኘ ምሳሌ

ይህን ጉዳይ አጉልቶ የሚያሳይ ጨዋታ በካናዳ አለ። የካናዳ ፉትቦል ይባላል፤ ይሁን እንጂ እኛ እግር ኳስ ከምንለው በጣም የተለየ ነው። ኳሱ ሞላላ ሆኖ ሁለቱ ጫፎቹ የሾሉ ናቸው፤ በአብዛኛውም በእጅ ይወረወራል፣ በእጅ ይያዛል። በእያንዳንዱ ወገን 12 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። የሜዳው ርዝመት 110 ያርድ፣ ስፋቱ 65 ያርድ ነው፤ ይኸውም በሜትር ሲሰላ ርዝመቱ 100፣ ስፋቱ 59 ያህል ይሆናል። ኳስ የያዘው ቡድን ቢያንስ 10 ያርድ ወደ ፊት እንዲገፋ ሦስት ሙከራ ይሰጠዋል። በጎረቤት አገር በአሜሪካ በሚደረገው ተመሳሳይ ጨዋታ ግን ሙከራው አራት ነው። የካናዳው ቡድን ሙከራው ስለሚያንሰው ኳሱን በረጅሙ ወደ ሯጮቹ መወርወር ያዘወትራል።

እንግዲህ ከሁሉም ኋላ የሚቆሙት ተከላካዮች ሥራቸው ይህን ረጅም ውርወራ ማክሸፍ ነው። ሯጩ ወዴት እንደሚታጠፍ አስቀድሞ ያውቃል፤ ተከላካዩ አያውቅም። በካናዳ ደንብ ሯጩ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት መንደርደር ይፈቀድለታል፤ ተከላካዩ ደግሞ ወደ ኋላ እየሮጠ ይቀበለዋል። ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ሰውየውን ያያል፣ ኳሱንም ይጠብቃል። ከቀናው የተወረወረውን ኳስ አየር ላይ ቀድሞ ይቀልበዋል፤ ያን ጊዜ ኳሱ የእርሱ ቡድን ይሆናል።

በዚህ ሥራ እስከ ዛሬ የሚጠራ ሌስ ብራውን የሚባል ተጫዋች ነበረ። ተወልዶ ያደገው በአሜሪካ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1994 በካናዳ ሊግ በሃሚልተን፣ በዊኒፔግ፣ በኦታዋና በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ቡድኖች ተጫውቷል። በእነዚህ 11 የውድድር ዘመናት 87 ጊዜ የባላጋራን ኳስ ቀልቧል። ይህም የሊጉ ክብረ ወሰን ነው፤ በአሜሪካው ትልቅ ሊግ የተመዘገበው ከፍተኛ ቁጥር እንኳ 81 ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በካናዳ ፉትቦል የዝነኞች መዘክር ስሙ እንዲሰፍር ተደርጓል።

ነገር ግን ቁጥሩን ረጋ ብለን እንመርምረው። 87 ለ11 ሲካፈል ለአንድ የውድድር ዘመን 8 ገደማ ይደርሳል። በአብዛኞቹ ዘመናት አንድ ቡድን 18 ጨዋታ ያደርግ ነበር። እንግዲህ በዚህ ሥራ ከሁሉ የበለጠው ሰው እንኳ ለጭብጨባ የበቃው በሁለት ጨዋታ አንድ ጊዜ ያህል ነው። የቀረውን ጊዜ ሁሉ ወደ ኋላ ሲሮጥ ኖሯል። ወርዋሪው ቀና ብሎ ሲያይ ሯጩ በተከላካይ ተይዞ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ኳሱን ወደ ሌላ ይልከዋል። ይህ በማንም መዝገብ አይጻፍም። ሥራው ግን በትክክል ተሠርቷል።

3. በ1954 ዓ.ም. ከኋላ የነበሩት

አሁን ወደ አገራችን እግር ኳስ እንመለስ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘችው በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ሦስተኛው ውድድር እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። ቱኒዚያን 4 ለ 2 ካሸነፈች በኋላ፣ ጥር 13 ቀን ካለፉት ሁለት ውድድሮች ዋንጫውን ይዛ ከቆየችው ከግብጽ ጋር ለፍጻሜ ቀረበች። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ግብ ማስቆጠራቸውን ከአባቶቻችን ሰምተናል። አምበሉ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል የሚያሳየውንም ፎቶግራፍ ብዙዎቻችን አይተናል።

ከግብ ጠባቂው ከጊላሚካኤል ተክለማርያም ፊት እነማን ነበሩ ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልስ የሚሰጠው ጥቂት ሰው ነው። ክፍሎም አርአያና አስመላሽ በርሄ ከኋላ፣ በርሄ ጎይቶም፣ አዋድ መሐመድና ተስፋዬ ገብረመድኅን ደግሞ ከእነርሱ ቀደም ብለው ተሰልፈው ነበር። የጨዋታውን ሂደት እንመልከት። ግብጽ በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ለባዶ መራች። ኢትዮጵያ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ብትሆንም፣ በ75ኛው ደቂቃ ግብጽ ሁለተኛዋን አገባች። ይህ ልብ የሚሰብር ነገር ነው። የደስታው ጩኸት ገና ሳይበርድ ከኋላ ያሉት ሰዎች ተሸነፉ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ምን ሆነ? ከ75ኛው ደቂቃ ጀምሮ እስከ መደበኛው ሰዓት ፍጻሜ፣ ከዚያም በተጨመረው 30 ደቂቃ፣ በድምሩ 45 ደቂቃ ያህል ግብጽ አንዲት ግብ አላገኘችም። በዚሁ ጊዜ ውስጥ ኢትዮጵያ ሦስት አገባችና 4 ለ 2 አሸነፈች። የፊተኞቹ ሦስቱን ግብ ለማግባት ጊዜ ያገኙት የኋለኞቹ ያንን ደጅ ስለ ዘጉላቸው ነው። ሦስቱ ግቦች ታሪክ ሆኑ፤ ያ 45 ደቂቃ ግን የሚተርክለት አላገኘም።

4. የአንዲት ዜሮ ዋጋ

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ዘመን ይቀርባል። ዋልያዎቹ ለ31 ዓመታት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቀው ከቆዩ በኋላ በ2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ለተደረገው ውድድር በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት አለፉ። እንዴት እንዳለፉ በሒሳብ እንየው።

በማጣሪያው ከቤኒን ጋር አዲስ አበባ ላይ ባዶ ለባዶ፣ በቤኒን ሜዳ ደግሞ አንድ ለአንድ ወጡ። በሰው ሜዳ የተቆጠረችው ግብ በለጠችና አለፉ። ቤኒን አዲስ አበባ ላይ አንዲት ግብ አስቆጥራ ብትሆን ኖሮ ይህ ስሌት ይፈርስ ነበር። ቀጥሎ ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸነፉ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም 2 ለ 0 አሸነፉ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ኢትዮጵያ በሱዳን ሜዳ ሦስት ስላገባች አለፈች።

የዚያን ዕለት ሕዝቡ የአዳነ ግርማንና የሳላዲን ሰዒድን ስም እየጠራ በየጎዳናው ጨፈረ። ይገባቸዋል። ነገር ግን ውጤቱ 2 ለ 0 መሆኑ ቀርቶ 2 ለ 1 ሆኖ ቢሆንስ? ድምሩ 6 ለ 5 ይሆንና ሱዳን ታልፍ ነበር። እንግዲህ ያቺ ዜሮ ከሁለቱ ግቦች የማታንስ ዋጋ ነበራት። በዚያ ዘመን በብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ ደጉ ደበበ፣ አይናለም ኃይሉ፣ ሥዩም ተስፋዬና አበባው ቡታቆ በተከላካይነት ይጫወቱ ነበር። ለብዙ ዓመታት የቅዱስ ጊዮርጊስ ተከላካይ የነበረው ደጉ ደበበ በደቡብ አፍሪካው ውድድር የቡድኑ አምበል ሆኖ ተሰለፈ። አምበልነት ከኋላ ለቆመ ሰው መሰጠቱ የሚያስገርም አይደለም፤ ሜዳውን በሙሉ ከፊቱ ዘርግቶ የሚያየው እርሱ ነው።

በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው ጨዋታ የተደረገው ጥር 13 ቀን ነበር፤ የ1954ቱ ፍጻሜ የተደረገበት ዕለት ማለት ነው። ባላጋራዋ ዛምቢያ ከዓመት በፊት ዋንጫውን የወሰደች ነበረች። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። አዳነ ግርማ አቻ የምታደርገውን ግብ አገባ፤ አንድ ሰው የጎደለው ቡድንም አንድ ለአንድ ጨርሶ ወጣ።

ከአራት ቀን በኋላ ከቡርኪና ፋሶ ጋር የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ለጥናታችንም ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠን እርሱ ነው። ቡርኪና ፋሶ አንድ ለባዶ እየመራች ሳለ፣ በሁለተኛው አጋማሽ የእርሷ ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ወጣ። አሁን ብልጫው የኛ ነው ብለን ተስፋ አደረግን። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ግብ ተጨመረብንና 4 ለ 0 ተሸነፍን። ቡድን ሁሉ ወደ ፊት ሲያይ ከኋላ የሚቀረው ባዶ ሜዳ ለጥቂቶች ይበቃቸዋል። በሦስተኛው ጨዋታ ናይጄሪያን እስከ 80ኛው ደቂቃ ባዶ ለባዶ ይዘው ቆዩ፤ የተሸነፉትም በሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች ነው። ለፍጻሜ የደረሱት ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ፣ ሁለቱም ከዚያው ከኛ ምድብ የወጡ ነበሩ። ዋንጫውን ናይጄሪያ ወሰደች።

5. ሙያው የሚጠይቀው

ተከላካይነት ጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጠንካራ ሁሉ ተከላካይ በሆነ ነበር። ሙያው ከዚህ የሚከተሉትን ይጠይቃል።

ሀ) ማየት። አጥቂ በእግሩ ያታልላል፣ በዐይኑ ያታልላል፣ በትከሻውም ያታልላል። ወገቡ ግን ብዙ አያታልልም፤ ሰው ያለ ወገቡ የትም አይሄድምና። ልምድ ያለው ተከላካይ በኳሱ ዙሪያ በሚደረገው ጭፈራ አይወሰድም።

ለ) መታገሥ። ጀማሪ ተከላካይ ኳሱን ለመንጠቅ ቸኩሎ ይወረወራል፤ አንድ ጊዜ ከታለፈ በኋላ ከመሬት ተነሥቶ አይደርስም። አዋቂው ጉልበቱን አጠፍ፣ ጎኑን ዘወር አድርጎ በሰውየውና በግቡ መካከል ይቆማል፤ ጓደኞቹ እስኪደርሱም ወደ ዳር እየገፋ ያዘገየዋል። ማዘግየትም መከላከል ነው።

ሐ) መናገር። ከኋላ ያለው ሰው የሚያየውን ከፊት ያለው አያይም። «ከኋላህ ሰው አለ»፣ «ልቀቀው»፣ «ውጣ» የሚሉት ቃላት በጊዜያቸው ከተነገሩ ሩጫ ያድናሉ። ዝምተኛ ተከላካይ ዐይኑን ለራሱ ብቻ ያደረገ ሰው ነው።

መ) መሸፈን። አንዱ ኳስ ሊቀማ ሲወጣ ሌላው የእርሱን ቦታ ይይዛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ አራት መካከለኛ ተጫዋቾች ተግባብተው ቢቆሙ እርስ በርስ ከማይተያዩ አራት ጎበዞች ይሻላሉ።

ሠ) መቀጠል። በ1954 ዓ.ም. እንዳየነው፣ በ75ኛው ደቂቃ የተሸነፈ ተከላካይ ለ76ኛው ደቂቃ መዘጋጀት አለበት። ስሕተቱን የሚመረምርበት ጊዜ ከጨዋታው በኋላ ነው። በጨዋታው መካከል ራሱን የሚወቅስ ሰው ሁለተኛውን በር ይከፍታል።

6. የሙያው ዕድሜና ትርፉ

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄ ደርሰናል። በገንዘብ በኩል እውነቱን መሸሸግ አይገባም፤ ገበያው ለአጥቂ ያደላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ብራዚላዊው አጥቂ ኔይማር ከባርሴሎና ወደ ፓሪስ ሲዛወር 222 ሚሊዮን ዩሮ ተከፍሎበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ተከላካዩ ሃሪ ማጓየር ከሌስተር ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ በ80 ሚሊዮን ፓውንድ ሲዛወር፣ እስከዚያ ጊዜ ለተከላካይ ከተከፈለው ሁሉ ከፍተኛው ነው ተባለ። ይህ ከአጥቂው ዋጋ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ዕድሜውም አጭር ነው። ሌላው ሠራተኛ በሙያው በሚበስልበት በ30ዎቹ ዕድሜ ተጫዋቹ ጫማውን ይሰቅላል። ሌስ ብራውን ከሁሉ የበለጠ ሆኖ ሳለ የተጫወተው 11 ዘመን ነው። ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ከተጎዳ ደግሞ ከዚያም በፊት ሊያበቃ ይችላል። በአገራችን ፕሪሚየር ሊግ በ1990 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ብዙዎቹ ክለቦች የመሥሪያ ቤት ክለቦች ነበሩ፤ መብራት ኃይል፣ ምድር ጦር፣ ኦሜድላና የመሳሰሉትን ማስታወስ ይቻላል። ተጫዋቹ ከኳሱ ጎን የመሥሪያ ቤት ሥራ ሊኖረው ይችል ነበር። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ኳሱ ሲያበቃ የሚመለስበት ወንበር አይጠፋም ነበር። ዛሬ ተጫዋቹ በውል ይፈርማል፣ ከቀድሞውም የተሻለ ይከፈለዋል፤ ውሉ ሲያልቅ ግን ወንበሩን የሚያዘጋጀው እርሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ኳስ የሚወድ ልጅ ደብተሩን አይጣል። ይህን የምንለው ከኳስ ልናርቀው አይደለም፤ ከኋላው ያለውን ቦታ እንዲሸፍን እንጂ። ይህ ራሱ የተከላካይ ትምህርት ነው።

ታዲያ ምን ይተርፈዋል? ለዓመታት ከኋላ ቆሞ ጨዋታውን ሲያነብ የኖረ ሰው ማንበቡን አይረሳም። ጀርመናዊው ፍራንስ ቤከንባወር ከተከላካዮች ሁሉ ኋላ እየቆመ ይጫወት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1974 በአምበልነት፣ በ1990 ደግሞ በአሠልጣኝነት የዓለምን ዋንጫ አንሥቷል። ሁሉም ቤከንባወር አይሆንም። ነገር ግን አደጋን ሳይደርስ ማየት፣ ሳይቸኩሉ መቆም፣ ላላየው ጓደኛ መናገር፣ ሰው ሲወጣ ቦታውን መሸፈን፣ ሳያጨበጭቡለትም መሥራት በመሥሪያ ቤትም፣ በንግድም፣ በትዳርም የሚፈለግ ሙያ ነው። ለሊቱን ሙሉ የበሽተኛ አልጋ የምትጠብቅ አስታማሚ፣ ፍሬኑን ሳይመረምር መኪና የማያስነሣ ሾፌር፣ ሁሉም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሥራቸው የሚታወቀው የጎደለ ዕለት ነው።

ወንድማችን ሆይ፣ አሠልጣኝህ ነገ «ከኋላ ቁም» ቢልህ ፊትህ አይጥቆር። ሜዳውን በሙሉ የምታይበትን ቦታ ሰጥቶሃልና። እኅታችንም እንደዚሁ፤ ዛሬ ሴቶች ልጆችም በየሜዳው ይጫወታሉ፣ የኋላውም ቦታ ለእነርሱም ያው ነው። እኛም ተመልካቾች ጨዋታው ሲያልቅ «ማን አገባ?» ብለን ከጠየቅን በኋላ፣ «ማን አዳነ?» ብለን እንጨምር።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. «የተከላካይ ሥራ ባልሆነው ነገር ይቆጠራል» ሲባል ምን ማለት ነው? ከኳስ ሜዳ ውጭ በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩት እነማን ናቸው?

2. ኢትዮጵያ ከሱዳን ጋር አዲስ አበባ ላይ ባደረገችው ጨዋታ ውጤቱ 3 ለ 1 ቢሆን ኖሮ ማን ያልፍ ነበር? በወረቀት አስሉት።

3. ከቡርኪና ፋሶ ጋር በተደረገው ጨዋታ ባላጋራ አንድ ሰው ሲጎድለው የእኛ ቡድን ምን ማድረግ ነበረበት ትላላችሁ? ሁለት ወገን ሆናችሁ ተከራከሩ።

4. በሚቀጥለው ጊዜ ጨዋታ ስትመለከቱ ለ10 ደቂቃ ኳሱን ትታችሁ አንድ ተከላካይ ብቻ ተከታተሉ። ያያችሁትን ጽፋችሁ ለጓደኞቻችሁ አንብቡ።